እምነትና መሰናክል፦ የክርስቲያን ድል በምን ይለካል?

እምነት መሰናክልን ያሸንፋል የሚለው ትምህርት በክርስትና ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የኖረ፣ ከዐውደ ምሕረት እስከ ቤት ለቤት ጸሎት የሚሰማ፣ ምእመናንም በመከራ ጊዜ የሚጽናኑበት ትምህርት ነው። ይሁን እንጂ ምን ማለት እንደሆነ በጥንቃቄ ሳይመረመር ሲቀር ለማጽናናት የተነገረው ቃል ሸክም የሚጨምር ፍርድ ይሆናል፤ ጸልዮ የዳነው በእምነቱ ዳነ ከተባለ፣ ጸልዮ ያልዳነው እምነት ጎድሎት ነው ወደሚል መደምደሚያ መድረስ ቀላል ነውና። በዚህ መደምደሚያ ምክንያት ሕመምተኛው በሕመሙ ላይ ክስ፣ ልጅ የሞተባት እናት በኀዘኗ ላይ ኀፍረት፣ ሥራ ያጣው ሰው በችግሩ ላይ ጥርጣሬ ይደረብበታል። የዚህ ጽሑፍ ዐላማ መሰናክልን የሚያስወግደው እምነትና መሰናክሉ ሳይወገድ የሚጸናው እምነት አንድ እምነት መሆናቸውን፣ የክርስቲያን ድልም የሚለካው በመከራው መወገድ ሳይሆን በመከራው ውስጥ ከእግዚአብሔር ጋር ጸንቶ በመገኘት መሆኑን ከመጽሐፍ ቅዱስና ከቤተ ክርስቲያን ታሪክ ማሳየት ነው።

የመሰናክል ዓይነቶች

በክርስትና ሕይወት የሚያጋጥመው መሰናክል በሦስት ወገን ሊታይ ይችላል። አንደኛው ከውጭ የሚመጣው ሲሆን ስደትን፣ እስራትን፣ ድህነትንና የሰውን በደል ይጨምራል። ሁለተኛው በሥጋ ላይ የሚደርሰው ሕመምና ድካም ነው። ሦስተኛው በልብ ውስጥ የሚነሣው ጥርጣሬ፣ ተስፋ መቁረጥና የኃጢአት ዝንባሌ ነው። የቤተ ክርስቲያን አነጋገር እነዚህን ሁሉ ፈተና በሚል አንድ ስም ይጠራቸዋል፤ ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ የእምነት መፈተን ትዕግሥትን እንደሚያፈራ ካስተማረ በኋላ፣ ማንም በክፉ ምኞቱ ሲሳብ እግዚአብሔር ፈተነኝ እንዳይል ያስጠነቅቃል። በዚህ አገላለጽ መሠረት አንድ መከራ ሰውን የሚያጠራ ወይም የሚጥል የሚሆነው በመከራው ዓይነት ብቻ ሳይሆን፣ ሰውየው በመከራው ውስጥ ወደ ማን እንደሚመለከት ጭምር ነው።

እምነት የሚለው ቃልም ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ይይዛል። አንደኛው ስለ እግዚአብሔር የተነገረውን እውነት ተቀብሎ መመስከር ሲሆን፣ ሁለተኛው ራስን ለእግዚአብሔር አሳልፎ መስጠት፣ ማለትም መታመን ነው። ስለ መሰናክል በሚነገርበት ጊዜ ይበልጥ የሚፈለገው ይህ ሁለተኛው ነው። መታመን በባሕርዩ ወደ አንድ አካል የሚያመለክት ስለሆነ፣ ክብደቱ የሚመጣው ከአማኙ የስሜት ጥንካሬ ሳይሆን ከታመነው አምላክ ታማኝነት ነው፤ ጌታም ተራራን ስለሚያፈልስ እምነት ሲያስተምር በሰናፍጭ ቅንጣት የመሰለው ለዚህ ነው።

በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ሁለት ፍጻሜ

ለዚህ ጥያቄ ዋናውን መልስ የያዘው የዕብራውያን መልእክት 11ኛ ምዕራፍ ነው። ጸሐፊው በእምነት የኖሩትን አባቶች ከአቤል ጀምሮ ከቈጠረ በኋላ፣ ወደ መጨረሻው ሲደርስ የአንበሶችን አፍ የዘጉትን፣ የእሳትን ኃይል ያጠፉትን፣ ከሰይፍ ስለት ያመለጡትን፣ ሙታናቸውን በትንሣኤ የተቀበሉትን ሴቶች ይጠቅሳል። ከዚያም የእምነትን ነገር ሳይለቅ የተደበደቡትን፣ የታሰሩትን፣ በድንጋይ የተወገሩትን፣ በመጋዝ የተሰነጠቁትን፣ በሰይፍ የሞቱትን፣ በምድረ በዳና በዋሻ የተንከራተቱትን ይዘረዝራል። አንዱ ወገን ከሰይፍ ሲያመልጥ ሌላው በሰይፍ ሞቷል፤ ጸሐፊው ግን ሁሉም በእምነታቸው እንደተመሰከረላቸው፣ ነገር ግን የተሰጠውን ተስፋ ገና እንዳላገኙ በአንድ ቃል ይደመድማል። ስለዚህ ያመለጡት የበለጠ አመኑ፣ የሞቱት ያነሰ አመኑ የሚል ትርጓሜ ከዚህ ምዕራፍ ሊወጣ አይችልም።

ይህ ትምህርት በሐዋርያት ሥራ 12ኛ ምዕራፍ በታሪክ መልክ ይገኛል። ንጉሥ ሄሮድስ አግሪጳ የዘብዴዎስን ልጅ ያዕቆብን በሰይፍ አስገደለ፤ ቀጥሎም ጴጥሮስን አሰረ፤ ጴጥሮስን ግን መልአክ ከወኅኒ አወጣው። ያዕቆብ በታቦር ተራራ ከነበሩት ከሦስቱ ደቀ መዛሙርት አንዱ ስለሆነ፣ ከጴጥሮስ ያነሰ እምነት ነበረው ብሎ ለማሰብ የሚያበቃ ምክንያት የለም። ወንጌላዊው ሉቃስም አንዱ ለምን እንደዳነ፣ ሌላው ለምን እንደሞተ አላብራራም። ይበልጥ የሚያስደንቀው ደግሞ ስለ ጴጥሮስ ሲጸልዩ ያመሹት ምእመናን፣ ሮዴ የተባለችው አገልጋይ ጴጥሮስ በደጅ መቆሙን ስትነግራቸው እንደ እብድ መቁጠራቸው ነው። ጴጥሮስ የተፈታው ጸላዮቹ ጥርጣሬ ስላልነበራቸው አይደለም፤ እግዚአብሔር ደካማ ጸሎታቸውን በምሕረቱ ስለተቀበለ ነው። እንግዲህ የእምነታችን መጠን የእግዚአብሔርን ሥራ ይወስነዋል የሚለውን ሐሳብ ምዕራፉ ከሁለት ወገን ያፈርሰዋል፤ ታላቁ ሐዋርያ ሲሞት የሚጠራጠሩት ጸላዮች ተሰምተዋልና።

በኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ዘንድ እጅግ የታወቀው የሠለስቱ ደቂቅ ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል በንጉሡ በናቡከደነፆር ፊት ቆመው አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል መሰከሩ፤ ባያድናቸውም እንኳ ለወርቁ ምስል እንደማይሰግዱ አስረግጠው ተናገሩ። እምነታቸው የተፈጸመው ከእሳቱ በወጡ ጊዜ ሳይሆን ይህን በተናገሩ ጊዜ ነበር፤ መዳናቸው በዚያ እምነት ላይ የተጨመረ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከእሳቱ ያወጣቸው መልአክ ቅዱስ ገብርኤል እንደሆነ ታስተምራለች፤ በዓሉም ታኅሣሥ 19 ቀን፣ በተለይ በቁልቢ፣ ከየአገሩ በሚመጣ ብዙ ሕዝብ ይከበራል። በዚያ ቀን ስለት፣ ማለትም ልመናው ሲፈጸም ሊሰጥ የተገባው ቃል ኪዳን፣ ጃንጥላ፣ ጧፍ፣ ዕጣንና ገንዘብ ሆኖ ይገባል። ስለቱ የሠመረለት ሰው ምስጋናውን ማቅረቡ መልካም ነው፤ ሆኖም ዕለቱ የሚያስበው ታሪክ ባያድነንም እንኳ ያሉትን ወጣቶች ታሪክ ስለሆነ፣ ስለቱ ሳይደርስለት ዘንድሮም የቆመው ምእመን ከበዓሉ ልብ የራቀ አይደለም።

ያልተወገደው መሰናክል

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክት 12ኛ ምዕራፍ የሥጋ መውጊያ ስለሚለው ሥቃይ ይናገራል። መውጊያው ምን እንደነበረ ሊቃውንት በልዩ ልዩ መንገድ ተርጕመውታል፤ የዐይን ሕመም ያሉ አሉ፣ የተቃዋሚዎች ጥላቻ ያሉም አሉ። የታወቀው ነገር ሐዋርያው ሦስት ጊዜ ለምኖ መውጊያው አለመነሣቱ፣ በምትኩም የጌታ ጸጋ እንደሚበቃው መልስ ማግኘቱ ነው። ይህ ሰው በሌላ ጊዜ ድውያንን የፈወሰ ሐዋርያ ስለነበረ የእምነት ድሃ ሊባል አይችልም። ልመናውም ሳይመለስ አልቀረም፤ የተሰጠው መልስ ሕመሙን የሚሸከምበት ኃይል ነበር፤ በዚያም ኃይል ድካሙ የክርስቶስ ብርታት የሚገለጥበት ቦታ ሆነ።

ከሐዋርያው በላይ ደግሞ የጌታ የራሱ ጸሎት አለ። ጌታ በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍ ለመነ፤ ጽዋው ግን አላለፈም። የዕብራውያን መልእክት 5ኛ ምዕራፍ ይህን ሲያስብ፣ ከሞት ሊያድነው ወደሚችለው በብርቱ ጩኸትና በእንባ መጸለዩን፣ ጸሎቱም መሰማቱን ይናገራል። ተሰማ የተባለው በመስቀል ከመሞት ስለቀረ ሳይሆን፣ በሞት ውስጥ አልፎ ሞትን በትንሣኤ ስላሸነፈ ነው። የክርስትና የድል ትምህርት ሁሉ መሠረቱ ይህ ነው፤ ዋናው መሰናክል ሞት ነውና እርሱም የተሸነፈው በመሸሽ ሳይሆን በውስጡ በማለፍ ነው። ከዚህ የተለየ የድል ሐሳብ፣ የቱንም ያህል በእምነት ስም ቢነገር፣ መስቀሉን ዘልሎ ወደ ፋሲካ ለመድረስ የሚሞክር ነው።

የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ምስክርነት

መሰናክሉ ራሱ መንገድ የሆነበት ጊዜ አለ። በ5ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የጻፈው ሩፊኖስ እንደተረከው፣ የጢሮስ ሰው ፍሬምናጦስ በልጅነቱ የተሳፈረበት መርከብ በቀይ ባሕር ዳርቻ ጥቃት ደርሶበት ባልንጀሮቹ ሲገደሉ፣ እርሱና ወንድሙ ተርፈው ወደ አክሱም ንጉሥ ተወሰዱ። በምርኮ የገባው ልጅ በቤተ መንግሥት አደገ፣ በኋላም በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ተሾሞ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ጳጳስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ሆነ። ይህ ማለት ግን በባሕሩ ዳርቻ የፈሰሰው ደም መልካም ነበር ማለት አይደለም። የዮሴፍ ታሪክ እንደሚያስረዳው፣ ወንድሞቹ የሠሩት ክፋት ክፋት ሆኖ ይቀራል፤ እግዚአብሔር ግን ክፋታቸውን ለብዙዎች መዳን ሊለውጠው ይችላል።

በቅርቡ ዘመንም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በጣሊያን ወረራ ምክንያት የውጭ ሚስዮናውያን በ1929 ዓ.ም. ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት ምእመናን መቶ አይሞሉም ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ግን በግርፋትና በእስራት ውስጥ አሥር ሺህ ገደማ የደረሰ ማኅበረ ምእመናን አገኙ። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም በ1974 ዓ.ም. በደርግ መንግሥት ስትዘጋ አምስት ሺህ ገደማ አባላት ነበሯት፤ መሪዎቿ ታስረው፣ ሕንጻዎቿ ተወርሰው፣ ምእመናኗ በየቤቱ በትንንሽ ቡድኖች እየተሰበሰቡ ከቆዩ በኋላ በ1983 ዓ.ም. ወደ አደባባይ ስትወጣ ቍጥሯ ከሠላሳ ሺህ በላይ ሆኖ ነበር።

ይሁንና ከእንዲህ ያለው ታሪክ መከራ ሁልጊዜ ዕድገትን ያመጣል የሚል ሕግ ማውጣት ስሕተት ነው። ቅዱስ ቆጵርያኖስና ቅዱስ አውግስጢኖስ ያስተማሩባት የሰሜን አፍሪካ ቤተ ክርስቲያን ከጊዜ ብዛት ጠፍታለች፤ በኢትዮጵያ ጎረቤት የነበሩት የኖባ ክርስቲያን መንግሥታትም እስከ 16ኛው መቶ ዘመን መባቻ ከስመዋል። በእነዚያ አገሮች ጸልየው፣ ጾመው፣ ጸንተው የሞቱ ምእመናን እምነታቸው ከንቱ ነበር ሊባል አይችልም። የእምነት እውነተኛነት በቍጥር የሚመሰከር ቢሆን ኖሮ፣ በዕለተ ዓርብ ከመስቀሉ ሥር የቆሙት ጥቂቶች ከሁሉ ይልቅ ተሸናፊዎች በሆኑ ነበር።

ፍጻሜውን ሳያዩ የጸኑት አባቶችም በዚህ ረገድ ብዙ ያስተምራሉ። አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን እንዲያወግዙና ሕዝቡ ለጣሊያን እንዲገዛ እንዲሰብኩ ተጠይቀው እምቢ በማለታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ፤ ነጻነት የተመለሰው ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ በመሆኑ አላዩትም። በ1971 ዓ.ም. ደግሞ ከፕትርክናቸው ወርደው ታስረው የነበሩት አቡነ ቴዎፍሎስና የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በደርግ መንግሥት ያለ ፍርድ ተገደሉ። ቄስ ጉዲና ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው መንጋቸውን ጥለው ላለመሄድ እንደወሰኑ ይታወቃል፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ተሠቃይተው ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በእስር አሳልፈዋል። ለእነዚህ ሰዎች ወኅኒው በመልአክ አልተከፈተም፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ከያዕቆብ ወልደ ዘብዴዎስ ጋር ትቈጥራቸዋለች እንጂ እምነት ጎድሏቸው ነበር አትልም።

ሁለት ስሕተቶች

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች ይታያሉ። የመጀመሪያው የብልጽግና ወንጌል በመባል የሚታወቀው ሲሆን፣ ጤንነትና ሀብት በትክክል ላመነ ሁሉ የተረጋገጠ መብት እንደሆነ የሚያስተምር ነው። ይህ ትምህርት በ20ኛው መቶ ዘመን በአሜሪካ በእነ ኬኔት ሄገን (እ.ኤ.አ. 1917–2003) አማካይነት በተስፋፋው የእምነት ቃል እንቅስቃሴ በኩል ወደ አፍሪካና ወደ ኢትዮጵያም ገብቷል። ከሁሉ የከፋው ጕዳቱ እግዚአብሔርን የአማኙ ቃል የሚያዝዘው ኃይል ማድረጉና የተሠቃየውን ሰው ተጠያቂ ማድረጉ ነው። የኢዮብ ባልንጀሮችም እንዲሁ አድርገው ነበር፤ መከራውን አይተው የተሰወረ በደል ፈለጉበት፤ በመጽሐፉ መጨረሻ ግን እግዚአብሔር የተቈጣው በጮኸውና በተከራከረው በኢዮብ ሳይሆን፣ ስለ እግዚአብሔር ቅን ነገር ባልተናገሩት በእነርሱ ላይ ነበር።

ሁለተኛው ስሕተት የመጣውን ሁሉ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው። ይህ አስተሳሰብ ትሕትና ቢመስልም ጽናት አይደለም። ጽናት መሰናክሉ ባይወገድም እንኳ ለማስወገድ መድከምንና መለመንን አያስቀርም። ጌታ በሉቃስ ወንጌል 18ኛ ምዕራፍ ለጸሎት ምሳሌ ያደረጋት መበለት ፍርድ እስክታገኝ ድረስ ዐመፀኛውን ዳኛ የጨቀጨቀች ሴት ናት። ጳውሎስ በክርስቶስ ስም መገረፍን ያልፈራ ሰው ሲሆን፣ ያለ ፍርድ ሊገርፉት ሲሉ የሮማ ዜግነቱን ጠቅሶ መብቱን አስከብሯል፤ ጢሞቴዎስንም ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል። ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሡ ለሕዝቅያስ መዳኑን ካበሠረ በኋላ በቍስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲያደርጉለት አዝዟል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን በማስረዳት ባለ መድኃኒትን ማክበር እንደሚገባ ያስተምራል።

የዚህ ትምህርት ጥቅም በኢትዮጵያ በተግባር ታይቷል። ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ብዙ ሰዎች ወደ እንጦጦ ጸበል በሚሄዱበት ጊዜ፣ መድኃኒት መውሰድ በጸበሉ አለማመን ነው ብለው መድኃኒታቸውን የሚያቋርጡ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ አስታወቁ። ይህ ውሳኔ እምነትን ከሳይንስ ጋር ለማስታረቅ የተደረገ ማለሳለስ አልነበረም፤ ጸበሉን የባረከው አምላክ ለሐኪሙም ጥበብ የሰጠ መሆኑን የሚመሰክር፣ የብዙ ሰዎችን ሕይወት የሚነካ የነገረ መለኮት ውሳኔ ነበር።

ጥርጣሬን በተመለከተ

ከሦስቱ የመሰናክል ዓይነቶች ብዙ ጊዜ የሚደበቀው የልብ ጥርጣሬ ነው፤ ምእመናን ጥርጣሬያቸውን መናገር እምነትን እንደ መካድ ስለሚቈጥሩት ነው። የቤተ ክርስቲያን የጸሎት መጽሐፍ ግን ከዚህ ይልቅ ሰፊ ነው። ዳዊቱን በሰባቱ ዕለታት ከፍሎ የሚደግም ክርስቲያን በየሳምንቱ ምስጋናን ብቻ ሳይሆን፣ እግዚአብሔር ለምን ፊቱን እንደሰወረ የሚጠይቁትን መዝሙራትም ይጸልያል፤ በግእዙ ቍጥር 87ኛው፣ በዕብራይስጡ 88ኛው መዝሙር እንዲያውም አንዳች ማጽናኛ ሳይጨምር በጨለማ ነገር ይጠናቀቃል። ይህ ልቅሶ ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር መቈጠሩ፣ ወደ እግዚአብሔር የሚቀርብ ምሬት ከእምነት ውጭ አለመሆኑን ያረጋግጣል። በማርቆስ ወንጌል 9ኛ ምዕራፍ የታመመው ልጅ አባትም ማመኑንና አለማመኑን በአንድ እስትንፋስ ሲናገር ጌታ አልገሠጸውም፤ ልጁን ፈወሰለት። ስለዚህ ጥርጣሬ እምነትን የሚያሸንፈው ሰውየው ከእግዚአብሔር ጋር መነጋገሩን ሲያቆም ነው፤ እየተነጋገረ እስካለ ድረስ ግን እምነቱ በሕይወት አለ።

ከትምህርቱ የሚከተል ኀላፊነት

ይህ ሁሉ እውነት ከሆነ በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ላይ ግልጽ ግዴታ ይከተላል። ያዕቆብ በመልእክቱ 5ኛ ምዕራፍ የታመመው ሰው የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች እንዲጠራ፣ እነርሱም በዘይት ቀብተው እንዲጸልዩለት ያዝዛል፤ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ የሆነው ምሥጢረ ቀንዲል መሠረቱ ይህ ነው። በዚህ ትእዛዝ ውስጥ መንገዱ የተጣለው በሽማግሌዎቹ ላይ ነው፤ በሽተኛው እምነቱን ለማስመስከር ወደ መድረክ አይወጣም፣ እነርሱ ወደ አልጋው ይሄዳሉ እንጂ። እምነቱ የደከመበት ሰው በወንድሞቹና በእኅቶቹ እምነት ይደገፋል፤ የቅፍርናሆሙን ሽባ በጣራ ያወረዱት አራት ሰዎችም ይህንኑ ነው ያደረጉት፤ ጌታ የተመለከተው የእነርሱን እምነት እንደነበረ ወንጌሉ ይመሰክራልና።

ስለዚህ መጸለይም፣ ፈውስንና ነጻነትን በድፍረት መለመንም የክርስቲያን መብትና ግዴታ ሆኖ ይቀጥላል፤ ልመናው ባይፈጸም ደግሞ በምእመኑ ላይ ፍርድ አይሰጥም። በየጉባኤው የምስክርነት ጊዜ ሲዘጋጅ ለተፈወሱት ብቻ ሳይሆን ሳይፈወሱ ለጸኑትም ቦታ ሊሰጥ ይገባል፤ ጉባኤው የዕብራውያንን 11ኛ ምዕራፍ ሙሉውን የሚያነብ ከሆነ ሁለቱንም ወገን መስማት አለበት። የተፈወሰው ሰው እግዚአብሔር ሊያደርገው የሚችለውን ይመሰክራል፤ ሳይፈወስ የጸናው ደግሞ እግዚአብሔር ከስጦታው ይልቅ በራሱ የሚወደድ መሆኑን ይመሰክራል፤ ቤተ ክርስቲያንም ሁለቱን ምስክርነቶች በእኩል ክብር ስትቀበል የተሰቀለውንና የተነሣውን አንዱን ክርስቶስን ትሰብካለች።